አንዴ የተጠራ ስም

ባለፈው ነሐሴ እንጦጦ ላይ በረዶ ሲወርድ እዚያው ነበርኩ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ንጹሕ አየር እንቀበል ብለው አግተውኝ ነው የወጣሁት። አሁን እንጦጦ መግቢያ በር፣ የተነጠፈ የእግር መንገድና ማኪያቶ አለው፤ ጫካው ራሱ ሥነ ሥርዓት ተምሯል። በረዶው ሩብ ሰዓት ያህል ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆይቶ ሲያባራ ሁሉም ስልኩን ይዞ እየጮኸ ወጣ። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ያስቀረኝ ሽታው ነው። በረዶ የከተከተው የባሕር ዛፍ ቅጠል ለጉንፋን ከምንታጠነው ጋር አይገናኝም። ይቀዘቅዛል፤ ከአፍንጫ ይልቅ ጥርስ ላይ ይሰማል።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው? ና እንጂ ፎቶ እንነሳ!" አለችኝ አንዷ።

"ጉልበቴን አሞኛል" አልኳት። ጉልበቴ ደህና ነው።

ልጅነት ንጹሕ ነው የሚሉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ከነሱ የተረዳሁት የጸሐፊዎቹ የማስታወስ ችሎታ ደካማ መሆኑን ነው። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ያሳለፍኩትን አንድ ክረምት በደንብ አስታውሰዋለሁ። በዚያ ክረምት ንጹሕ የነበረው በረዶው ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰዓት ያህል።

ሦስት ነበርን፤ ነጂብ፣ ማርታና እኔ። ከሾላ ገበያ ጀርባ በአንድ ቅያስ ውስጥ ነው ያደግነው። የማርታ አባት ሳሎናቸው ውስጥ ጸሎት የሚመሩ ጴንጤ ነበሩ፤ የእኔ እናት ማርያምን ሳትሳለም ቀኗ አይጀምርም፤ የነጂብ አባት ጋሽ ሰኢድ ዓርብ ዓርብ መኪናቸውን አጥበው መስጊድ ይሄዳሉ። ልዩነታችን ትዝ የሚለን በበዓል ሥጋ ጊዜና ስንጣላ ብቻ ነበር።

ጋሽ ሰኢድ ለውጭ አገር ሰዎች ሾፌር ነበሩ። ለብዙ ዓመት የነዱለት አንድ ረጅም ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣ ውስጥ አልገባ ያለውን ዕቃ ሁሉ ለሳቸው ትቶ ሄደ። ከዚያ መካከል ቀጫጭን፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጡ ሁለት ጣውላዎች ነበሩ። ሁለት ዘንግና አንድ ጥንድ ጫማም አብሮ አለ። ጋሽ ሰኢድ በራቸው ላይ ዘርግተው አስረዱን።

"በረዶ ላይ ነው የሚሄዱበት። በነሱ አገር ክረምት ሲገባ መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። ሰው ይኼን እግሩ ላይ ያስርና ጫካ ለጫካ ይጓዛል። እንደ በቅሎ በሉት።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ሞክረውታል?" አልኳቸው።

"እኔ? ፍሬን የሌለው ነገር ላይ አልወጣም።"

ከዚያም ሰውየው አንድ ቀን ተመልሶ ሊጠይቃቸው ስለሚችል ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቀው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገቡት። ዕቃው እንዳይነካ የሚፈልግ ሰው ጥቅሙን ለልጆች አያብራራም። ነሐሴ ሲገባ ጋሽ ሰኢድ ለሦስት ሳምንት ፊልድ ወጡ። ጣውላዎቹ እሳቸው በሄዱ በማግሥቱ ወጡ።

መጀመሪያ ቀን በረዶ አልነበረም፤ ግን መጠበቅ አልቻልንም። ከረጢቱን ነጂብና እኔ በትከሻችን ተሸክመን በፈረንሳይ በኩል ወደ ላይ ስንወጣ አንዲት ጎመን ሻጭ አስቆመችን።

"ይኼ ምንድነው ልጆች?"

"የአልጋ ጣውላ ነው" አላት ነጂብ።

"የማን አልጋ ነው እንዲህ የቀጠነ?"

"የሷ" ብሎ ወደ ማርታ ጠቆመ። ማርታ እስከ ኪዳነ ምሕረት መታጠፊያ ድረስ ከኋላ በጫማዋ እየረገጠችው ወጣች።

ዝናብ የመታው የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ መለማመድ ይቻላል ብለን ነበር። ችግሩ ጫማው ነው። ከጣውላው ጋር የሚያያዘው በጣቱ በኩል ብቻ ሲሆን ተረከዙ ይነሳል። ቆይቼ ሳነብ እንደደረስኩበት የጥበቡ ምሥጢር እሱ ነው፤ ሰው በዚያ መሣሪያ የሚራመደው ተረከዙን እያነሳ ነው። እኛ ግን ተሰብሯል ብለን ደመደምን። የሾፌር ልጅ ለተሰበረ ነገር መፍትሔ አያጣም፤ ነጂብ ያረጀ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በቢላ ሰንጥቆ ተረከዙን ከጣውላው ሥር እያዞረ ጠፍሮ አሰረው። የፈረንጁ ጫማ ለሦስታችንም ስለሚሰፋን በውስጡ ጋዜጣ ጠቀጠቅን።

ነጂብ ተነሳ፤ ምንም አልሆነም። ገፋነው፤ ሦስት እርምጃ ያህል ሄዶ በጎኑ ወደቀ። ተራዬ ደርሶ ስወድቅ ጥፋቱን በጋዜጣው ላይ አሳበብኩ። ከሁላችን የተሻለችው ማርታ ናት። መዝሙር እየዘመረች በዝማሬው ምት እግሯን ስታፈራርቅ ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው ሳትወድቅ ደረሰች።

"ጸሎት ነው ይኼ! ማጭበርበር ነው!" አለ ነጂብ።

"አንተም ጸልያ፣ ማን ከለከለህ?"

እዚያ ሳለን አንድ ቁጥቋጦ ከዛፎቹ መካከል ወጥቶ ወደ እኛ ሲራመድ አየሁ። ጩኸቴን ዋጥኩት። ቁጥቋጦው ከዳገቱ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ቆመና ከሥሩ አንዲት ሴት ወጡ። ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ወደ ከተማ የሚያወርዱ፣ በኪዳነ ምሕረት በኩል የሚኖሩ፣ ሁሉም እትዬ ዘውዴ የሚላቸው ሴት ናቸው። ሸክማቸው እላያቸው ላይ ሲሆን ከሰውነታቸው የሚታየው ቁርጭምጭሚታቸው ብቻ ነበር።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ስፖርት ነው እትዬ" አለ ነጂብ።

"እኔ እስካሁን ያየሁት መውደቅ ነው። እሱማ ያለ ጣውላም ይቻላል።"

ትንሽ ካረፉ በኋላ ወደ ላይ ወደ ጋራው አዩ። ነጭ ነገር በዛፎቹ ጫፍ ላይ እየተንከባለለ ነበር።

"ጉም ሲወርድ እዚህ እንዳትገኙ። ድንገት ከተገኛችሁ ደግሞ ስማችሁ አንዴ ቢጠራ አትመልሱ። ሰው ከሆነ ይደግመዋል።"

"ሰው ካልሆነስ?" አልኩ።

"መድገም አይችልም።"

"እኛ ቤት እንደዚህ ያለ ነገር አይታመንም" አለች ማርታ።

"ቤታችሁ ጫካ ውስጥ ነው?" አሏትና ገመዳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው እንደገና ቁጥቋጦ ሆነው ወረዱ።

ነጂብ እስከ ሾላ ድረስ ድምፃቸውን እያስመሰለ ሲያስቀን ሄደ። እኔም ሳቅሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስትጠራኝ ሁለተኛውን ሳልሰማ አቤት ማለት ተውኩ። እናቴ መድገም የማትወድ ሴት ስለነበረች ሁለተኛው ጥሪ ብዙ ጊዜ ከጥፊ ጋር ነበር የሚመጣው። ጥፊው ግን ያረጋጋኝ ነበር፤ ሰው መሆኗን ያረጋግጥልኛል።

በረዶው የወረደው ጋሽ ሰኢድ ሊመለሱ አራት ቀን ሲቀራቸው ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሰማዩ እንደ ቆሰለ ጥፍር ጠቆረ። ከኪዳነ ምሕረት መንገድ ገባ ብሎ ሰው የማይቀመጥባት አንዲት የጥበቃ ጎጆ ነበረች፤ እዚያ ተጠለልን። መጀመሪያ ጥቂት ጠጠር ወደቀ፤ ቀጥሎ መነጋገር አልተቻለም። ማርታ አፏን ስትከፍት አያለሁ እንጂ አልሰማም። ቅጠሉ ከነቅርንጫፉ እየተበጠሰ ሲወርድ ጫካው ከላይ ወደ ታች የሚላጭ ይመስል ነበር።

ከዚያም በአንድ ጊዜ ቆመ።

ጫካ ሰላም ይሰጣል የሚሉ ሰዎች በረዶ ካባራ በኋላ እንጦጦ ላይ ቆመው አያውቁም። ወፍ የለም። ወትሮ ከታች ከከተማው የሚሰማው ጥሩምባ የለም። መሬቱ ነጭ፣ ግንዱ ነጭ፣ በመካከላቸው ያለው አየርም መንጣት ጀምሯል፤ ጉሙ ከላይ አልመጣም፣ በረዶው ከሸፈነው መሬት እንደ እስትንፋስ ተነሳ። አልፎ አልፎ ተንጠልጥሎ የቀረ ቅጠል ይወድቃል። ከሱ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

"ወላሂ የፈረንጆቹ አገር ይኼ ነው" አለ ነጂብ በሹክሹክታ።

በሹክሹክታ ለምን እንደተናገረ አልጠየቅነውም። ሁላችንም እንደዚያው ነበር የምንናገረው።

ጣውላዎቹ በረዶ ላይ ሲያርፉ ሌላ ነገር ሆኑ። ማርታ ሄደች፤ ሽ... ሽ... እያሉ ተንሸራተቱ። እኔ ሄድኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልወድቅ አሥር እርምጃ ያህል ተጓዝኩ። ከኋላዬ የቀረውን ስመለከት ሁለት የተስተካከሉ መስመሮች፣ በግራና በቀኛቸው የዘንጎቹ ትናንሽ ቀዳዳዎች። የእግር ዱካ የሌለበት የሰው መንገድ። ደስ አላለኝም፤ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

ቶሎ አወለቅሁት። ነጂብ ቁጭ ብሎ ከመነዳሪውን እንደገና አጠበቀው።

"እስከዛች ጉቶ ብቻ። ከዚያ እንሄዳለን።"

"ጉሙ እየመጣ ነው" አለች ማርታ።

"ፈሪ! እስከ ጉቶዋ አልኩ እኮ።"

በዘንጎቹ ገፋ። ጉቶዋን በፍጥነት አለፋት። ሲስቅ ሰማነው፤ ሳቁ ቁልቁል ሄደ፤ ከዚያ ሽታው ሳቁን ደበቀው። ሽታ ድምፅ እንደማይደብቅ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የተሰማኝ እንደዚያ ነው። ጉሙ የመጨረሻውን ግንድ ዋጠው።

"ነጂብ!" አለች ማርታ። "ነጂብ! አንተ! ነጂብ!"

ምንም የለም። ሰዓቱ ወደ አሥር ሳይጠጋ አይቀርም። አሥራ ሁለት ሲሆን ይመሻል፤ በዚያ ጫካ ሲመሽ ጅብ እንደሚወጣ የሾላ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ማርታ እጄን ያዘችና "መስመሩን እንከተል፤ መስመሩ ወደሱ ይወስደናል" አለች። ትክክል ነበረች። አጎንብሰን ሁለቱን መስመሮች እየተከተልን ወረድን። እሷ ከፊት ሆና ፍርሃቷን ለማባረር መዝሙሯን ጮክ ብላ ትዘምራለች፤ እኔ ከኋላዋ የረገጠችውን እረግጣለሁ።

ከጉቶዋ ትንሽ ወረድ ብሎ መስመሩ አራት ሆነ። ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ቁልቁል፣ ወደ ፈፋው ይሄዳሉ። ሁለቱ ከዚያው ከቀኝ በኩል መጥተው ወደ ግራ በደልዳላው ይዘልቃሉ፤ እነሱ ሰፋ ያሉ ናቸው። በረዶው መቅለጥ ስለጀመረ ሁሉም ይመሳሰላል።

"የቱ ነው?" አለችና ማርታ መዝሙሯን እያንጎራጎረች የግራውን ልታይ ሄደች።

እኔ ወደ ቀኝ ጎንበስ አልኩ። ቀዳዳዎቹ አሉ። የዘንጎቹ ቀዳዳዎች፣ አንድ በአንድ፣ በሁለቱም በኩል።

ያን ጊዜ ከፈፋው በኩል "ዳዊት!" የሚል ድምፅ መጣ።

አንዴ።

ቀና ብዬ ጠበቅሁ። ነጂብ ዳዊት ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ዳዊ ነው የሚለኝ፤ ሲናደድ ደግሞ ቀፎ። ድምፁም የነጂብ አይመስልም፤ ቀጭን ነው፣ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ዓይነት። ድገመው፣ ድገመው እያልኩ በልቤ ለመንኩ። አልደገመውም። ከላዬ አንድ ቅጠል ወደቀ።

"ዳዊ፣ የቱ ነው?" አለች ማርታ። አልሰማችም።

"በግራ ነው" አልኳት።

ሄድን። መስመሮቹ ሰፊና ቀጥ ያሉ ነበሩ። ጥቂት እንደሄድን ከፊታችን የመጎተት ድምፅ ሰማን፤ ኽርርር ይልና ይቆማል፣ ኽርርር ይልና ይቆማል። ማርታ መዝሙሯን አቆመች። ጉሙ ውስጥ ጎባጣ፣ ራስ የሌለው፣ ሁለት ረጃጅም ጭራ መሬት ላይ የሚጎትት ነገር ነበር። ድምፃችንን ሰምቶ ቆመ፤ ዞረ።

"ማነህ? ማነህ?" አለ።

ሁለቴ። በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ። እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ በጀርባቸው ጭራሮ፣ በሁለት ጎናቸው ሁለት አጣና አስረው ጫፉን እየጎተቱ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ።

ማርታ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ነጂብ ጠፍቷል፣ መስመሩን ተከትለን ነው የመጣነው፣ መስመሩ የእርስዎ ነው።

"ድምፁን አልሰማችሁም?"

"አልሰማንም" አለች ማርታ።

እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት። ሰው ፊቴ ላይ ሲያነብ የተሰማኝ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"አንተስ?"

"ሰምቻለሁ" አልኩ። "ግን አንዴ ነው የጠራኝ። እርስዎ ራስዎ አንዴ ከሆነ አትመልሱ ብለዋል።"

የገመዳቸውን ቋጠሮ ጨበጡ።

"እኔ ያልኩህ ፈርተህ በጊዜ ቤትህ እንድትገባ ነው" አሉ ቀስ ብለው፤ "ሰው ጥለህ እንድትሄድ ነው?"

ገመዱን ፈቱት። የቀኑ ሸክማቸው በሙሉ መሬት ላይ ተንኮታኮተ። የእጄን አንጓ ይዘው ወደመጣንበት ሲጎትቱኝ ጣታቸው እንደ እንጨት ነበር። "ለምን አልነገርከኝም?" ትላለች ማርታ ከኋላዬ። "ዳዊ፣ ለምን አልነገርከኝም?" ሁለቴ ጠየቀችኝ፤ አልመለስኩላትም።

ፈፋው አፋፍ ላይ ቆመው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበው ተጣሩ። "ነጂብ! ነጂብ!"

ከሥር፣ በጣም ቅርብ ሆኖ፣ "አቤት" የሚል የታፈነ ድምፅ መጣ።

ከባሕር ዛፍ ሥሮች መካከል ተሰክቶ ነበር። አንዱ ጣውላ ለሁለት ተሰብሯል፤ ሌላው እግሩ ላይ እንደታሰረ ነው፣ እግሩ ግን ጣውላው ወደሚያይበት አያይም። ጣቶቹ ደንዝዘው የራሱን ቋጠሮ መፍታት አቅቶታል። የሹራቡን እጅጌ አፉ ውስጥ ጠቅጥቋል። እትዬ ዘውዴ ከመነዳሪውን በማጭዳቸው በጠሱና ነጂብን ጭራሮ በሚያስሩበት ገመድ ጀርባቸው ላይ አሰሩት።

"ከባድ ነው እትዬ፣ እናግዝዎት" አለች ማርታ።

"ከሸክሜ ይቀላል። ቅደሙ፣ መንገዱን አሳዩኝ።"

ሳይመሽ ከጫካው ወጣን። በማግሥቱ ወጌሻ መጥቶ እግሩን አሽቶ በቀርከሃ አሰረው፤ ጩኸቱ ቅያሱን ሁሉ አዳረሰ። ጋሽ ሰኢድ ከፊልድ ሲመለሱ መጀመሪያ የልጃቸውን እግር፣ ቀጥሎ የተረፈውን ጣውላ አዩ። ሰውየው ከተመለሰ በረዶ በላው እለዋለሁ አሉ።

ማርታ ለአንድ ሳምንት አላናገረችኝም። በመጨረሻ በራችን ላይ መጥታ ቆመች።

"እኔ አልነግርብህም። ግን ራስህ ንገረው። ዛሬ።"

አብረን ሄድን። ነጂብ ፍራሽ ላይ ተኝቶ እግሩ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ከሾላ የመጣ ሸንኮራ ይበላል። ቁጭ አልኩ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ፤ "ጠርተኸኝ ሰምቼህ ነበር" የሚል፤ አጭርና ቀላል።

"ምን እንዳየሁ ታውቃለህ?" አለኝ ነጂብ ቀድሞኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለእናቴ አልነገርኳትም። እዚያ ሥር ወድቄ ትንፋሼ እንደተቆረጠ የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። በላዬ በሦስት እርምጃ አለፈ። ወላሂ፣ ጭራ ነበረው። ወደ ግራ ሲሄድ ጠብቄ አንዴ ጠራሁህ፤ በደንብ እንዲሰማህ በሙሉ ስምህ። ከዚያ የእትዬ ዘውዴ ቃል ትዝ አለኝ። ድጋሚ ብጠራህ ትመጣለህ፣ መንገድ ላይ ያገኝሃል። ስለዚህ እጅጌዬን ነከስኩ። በጣም ያመኝ ነበር ዳዊ፣ ግን ነከስኩት።"

ማርታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ሰምተኸኝ ነበር እንዴ?" አለኝ።

"አልሰማሁም።"

"እንኳን አልሰማህ። አንዴውንም ብትሰማ አንተ ትመጣ ነበር፤ አውቅሃለሁ።"

ሸንኮራውን ገምሶ ሰጠኝ። ማርታ እኔን ታያለች፤ እኔ ቀርከሃውን አያለሁ።

"አመሰግናለሁ" አልኩት።